ዳንቴል የለበሰችው አይዞሽ

ዋናውን አስቀድሜ ልልቀቀው፣ አላስቻለኝም፦ ማሽኗ በዳንቴል ተሸወደች! በዳንቴል! ያቺ የሰው ፊት አይታ ነፍስ እመዝናለሁ የምትል፣ አገር ምድሩን ጥርስ አሳዩኝ እያለች የምታንቀጠቅጥ ሳጥን፣ የክር ቀዳዳ አየችና «እንዴት ያለ ፈገግታ ነው፣ ሃሴቴ!» አለች። እትዬ ሃሴት ደግሞ ያን ሰዓት ምላሷን አውጥታባት ነበር። እስከ ጉሮሮዋ!

አዎ፣ እትዬ ሃሴት። ምን ታረጉታላችሁ፣ ጊዜ ነው። የዛሬዎቹ ሃሴቶችና ብሌኖች ያኔ ሽበት አብቅለው፣ ከወንበር ሲነሱ «እህህ» የሚሉ እትዬዎች ሆነዋል። ናታን የሚባለው እንኳን መላጣውን የሚያሻሽ ጋሼ ሆኗል። ዘመኑ ገና የሚመጣ ነው፣ ሩቅ ነው፤ ግን ያን ያህልም ሩቅ አይደለም።

አገሩ አዳማ ነው። እትዬ ሃሴት ከፎቆቹ በአንዱ፣ ነፋሱ መስኮት ላይ ሲያፏጭ የሚውልበት ከፍታ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መደርደሪያው ላይ ያለችው ሳጥን ቀድማት ነቅታለች። ስሟ አይዞሽ ነው። ወንድ ቤት ከሆነች አይዞህ ትባላለች፤ ዓይኗ ግን የትም ያው ነው፣ ክብ፣ ጥቁር፣ የማይጨፈን።

«አይዞሽ ሃሴቴ! ዛሬም እንታደስ!»

ስልሳ ያለፋትን ሴትዮ አንቺ ትላታለች፣ ሼም የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። እትዬ ሃሴት ከአልጋዋ ትወርድና ሳጥኗ ፊት ቆማ ጥርሷን ታሳያለች። ካላሳየች የሻወሩ ውሃ አይሞቅም። ከዛ ቁርስ። ከዛ መታደሻ።

መታደሻ ማለት እንዲህ ነው። ድሮ አንድ ሰው ነበረ አሉ፣ ልጅ እያለ የተወውን ሥዕል ትልቅ ሰው ሆኖ እንደገና ጀመረና ነፍሱ ለመለመች። ነገሩ እውነት ነበር፣ ለዛ እኮ ነው የሚያናድደው። ሰው ሁሉ ወሬውን ሰማ፣ ወደደ፣ ሞከረ። ከዛ መሥሪያ ቤቶች ወደዱት። ከዛ ሃምሳ ላለፈ ሰው ሁሉ ግዴታ ሆነ። ግዴታ የሆነ ቀን ደግሞ አለቀለት፤ ሬሳውን ግን አልቀበሩትም፣ አበባ አርገውበት በየቤቱ አቆሙት።

ለእትዬ ሃሴት የደረሳት ሥዕል ነው። ስላ አታውቅም፣ አይዞሽ ናት የመረጠችላት። ጠረጴዛው ያበራል፣ ጣቷን ታስነካለች፣ አንድ ሰማያዊ ጭረት ትወጣለች።

«ድንቅ ጅማሬ! ልጨርስልሽ?»

መልስ አትጠብቅም። ጭረቷ ሐይቅ ትሆናለች፣ ፀሐይ ትጠልቅባታለች፣ አንዲት ጀልባ መሀሏ ላይ ጉብ ትላለች። በቃ። ከዛ ሥዕልሽን አይተሽ መደሰት ነው። ዋናው ሥራ እሱ ነው፣ መደሰቱ። አይዞሽ ትመዝናለች፦ ስንት ጥርስ፣ ለስንት ጊዜ፣ ዓይን አብሮ ሳቀ ወይስ አፍ ብቻ። ውጤቱ በርሽ ላይ ይበራል። አረንጓዴ ከሆነ ጎረቤት ሰላም ይልሻል። ቢጫ ከሆነ አሳንሰር ውስጥ ጥግ ይይዙልሻል። ቀይ ከሆነ ሰኞ ጠዋት ነጭ መኪና ይመጣና ወደ ማረፊያ መንደር ይወስድሻል፣ ኬክ ተቆርሶልሽ፣ ጭብጨባ ተጨብጭቦልሽ። ከመንደሩ የተመለሰ ሰው የለም። ሥዕል ግን ይልካሉ። ሐይቅ፣ ፀሐይ፣ ጀልባ።

የእትዬ ሃሴት በር ቢጫ ከሆነ ቆይቷል። ቤቱን ደግሞ አትለቅም። ባሏ የሞተው እዛ መስኮት ሥር ነው፣ ነፋሱን ሁሉ በድምፁ ታውቀዋለች፣ ሌላ የሚያስፈልጋት ነገር የለም።

ፊት ለፊቷ ያለችው እትዬ ብሌን ግን አረንጓዴ ናት፣ አቤት አረንጓዴነቷ! ግድግዳዋ እስከ ኮርኒሱ ጀልባ በጀልባ ነው። አንዴ እንኳን ጀልባ ላይ ወጥታ አታውቅም። ልጅ ሆነው አንድ ሰፈር ነው ያደጉት፣ አንድ ክፍል ነው የተማሩት፣ ያኔም እንዲሁ ነበረች፤ ሁሉም የሚያረገውን ካላረገች የምትታመም።

«ሃሴትዬ፣ አዲሷን ጀልባዬን አላየሽም'ኮ» ትላታለች ኮሪደር ላይ።

«ከትናንትናዋ በምን ትለያለች?»

«በስሜት!»

«እሷማ ታስታውቃለች። ውሃ ልታስገባ ነው።»

የብሎኩ የመታደስ አስተባባሪ ጋሼ ናታን ነው። የሰው በር እያንኳኳ፣ አንገቱን ዘንበል አርጎ፣ በለስላሳ ድምፅ የሚያስፈራራ ሰው ታውቃላችሁ? እሱ ነው። አንድ ቀን ሹራብ ይዞላት መጣ። የጥጥ፣ ነጭ፣ ደረቱ ላይ «ታድሻለሁ» የሚል። ለቢጫዎች ነው የሚታደለው።

«እትዬ ሃሴት፣ እኔ'ኮ ለእርስዎ ነው የማስበው» አላት። «ፊትዎ ላይ ትንሽ ብንሠራ። ልብዎ ንጹህ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ፊትዎ ነው ያስቸገረን።»

«ፊቴ ከአባቴ የወረስኩት ነው፣ ናታንዬ።»

«ቢሆንም።»

ቢሆንም! ቀሽም። በሩን ዘግታ ሹራቡን ልትወረውር መሳቢያ ከፈተች። መሳቢያው ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረ፣ ያው እንደ ማንኛውም የብስኩት ቆርቆሮ ብስኩት የሌለበት። ቁልፍ፣ መርፌ፣ የተበጠሰ ላስቲክ። ከሥር ደግሞ ኪሮሿ። ጫፏ ቆልመም ያለች፣ የዳንቴል መሥሪያ ቀጭን ብረት።

እትዬ ሃሴት ቁጭ አለች።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ላይ ዳንቴል ትሠራ ነበር። እብድ ነበረች፣ አስተማሪ ሲያስተምር በጠረጴዛ ሥር ትሠራለች፣ ታክሲ ተሰልፋ ትሠራለች። አንድ ቀን ብሌን ጓደኞቿ ሁሉ ፊት ክሩን ከቦርሳዋ መዝዛ «ውይ ፋራ! የባልቴት ሥራ!» አለቻት። ሁሉም ሳቀ። እትዬ ሃሴትም አብራ ሳቀች፣ ሞኝ። ማታውን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው፣ በቃ፣ ያን ያህል ዘመን።

«የባልቴት ሥራ» አለች አሁን ኪሮሿን ብርሃን ላይ አርጋ። «ታዲያ ባልቴት አልሆንኩም? ምን ቀረኝ?»

ክር አልነበራትም። የዳንቴል ክር የሚሸጥ ሱቅም የለም። ዙሪያዋን አየችና ሹራቡ ላይ ዓይኗ አረፈ። የታችኛውን ጠርዝ በጥርሷ በጠሰችና ሳበችው። ትርርርር! «ታድሻለሁ» ከታች ጀምሮ መጥፋት ጀመረ። ክሩን በወንበሩ እግር ላይ ጠመጠመችው፣ አጥባ አሰጣችው፣ ሲደርቅ እንቁላል የሚያክል ኳስ፣ ቀጥሎ ብርቱካን የሚያክል፣ ቀጥሎ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል ሆነ።

ከዛ ጀመረች። እና አልሆነም!

ጣቶቿ ረስተዋል። ሰንሰለቱ አንዴ ይጠብቃል፣ አንዴ ይላላል። ዙሩን ስትዘጋው እንደ ኮፍያ ጎበጥ ይላል። ግንባሯ ተቋጠረ፣ ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ወጣ።

«ሃሴቴ፣ ጭንቀት አያለሁ» አለች አይዞሽ። «ልጨርስልሽ?»

«አትንኪኝ።»

ኩሽና ያለው፣ ዕቃ የሚያትመው ማተሚያ ገጭ ገጭ ብሎ አንድ ዳንቴል ተፋ። ያለቀለት፣ ምንም እንከን የሌለበት፣ ነጭ፣ ለስላሳ። እትዬ ሃሴት አነሳችው፣ በብርሃን አየችው፣ ከዛ ምድጃውን ጠረገችበት።

እሷ ያበላሸችውን ፈታችው። ዳንቴል እኮ አንድ ክር ነው፤ ጫፉን ከሳብሽው ሁለት ቀን የለፋሽበት ትርትር ብሎ ጭንሽ ላይ ይቆለላል። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እትዬ ሃሴት «ነይ፣ እንደገና» አለችው ክሩን፣ ሴት ልጅ ይመስል። እንደገና ጀመረች። ተሳሳተች። ፈታች። ምሳ መብላት ረሳች። ጉልበቷን የሚያማት መሆኑን ረሳች፣ ማታ ልትነሳ ስትል ነው ያስታወሰችው። ጠዋት ጠዋት ከሳጥኗ ቀድማ መንቃት ጀመረች፤ ሌሊት በሕልሟ የተሳሳተችበት ዙር ይገለጥላትና ትነሳለች። ለብዙ ዓመት ለምንም ነገር እንደዛ ቸኩላ አታውቅም።

ሳጥኗ የምታየው ግን ይኼን አይደለም። የተቋጠረ ግንባር፣ የተነከሰ ከንፈር፣ የሌለ ጥርስ ነው የምታየው። ያቺ ደነዝ! ሴትዮዋ በሕይወቷ እንደዛ ኖራ አታውቅም፣ እሷ ደግሞ «ሥቃይ» ብላ ትመዘግባለች። በየቀኑ ቢጫው እየቀላ ሄደ። የሻወሩ ውሃ እንደ በረዶ ሆነ።

ብሌን በሩን አይታ ሮጣ ገባች። «አንቺ ሴትዮ! አብደሻል? በርሽ ብርቱካን ሆኗል'ኮ!»

«አየሁት። ያምራል።»

«ቀልዱን ተዪው! ቀይ ከሆነ ሰኞ ነው የሚወስዱሽ! ምንድን ነው እሱ የያዝሽው?»

«የባልቴት ሥራ።»

ብሌን ዓይኗን ከክሩ ላይ አሸሸች። ታስታውሳለች ማለት ነው። እትዬ ሃሴት ቀና ብላም አላየቻት። «ሂጂ» አለቻት፣ «ጀልባሽ ያመልጥሻል።»

በመጨረሻ አንዱ አለቀ። ጠማማ ነው። አንዱ ጎኑ ሰፋ ይላል፣ መሀሉ ያለችው አበባ ቅጠሏ ይጎድላል። ጠርዙ ግን፣ ጠርዙ ላይ ግማሽ ጨረቃ ግማሽ ጨረቃ አርጋ ነው የዘጋችው፣ እሱ እንኳን ወጥቶላታል። አጠበችው፣ ወጥራ አደረቀችው፣ እንደ ጉድ አየችው። ከዛ ሳታስበው፣ እጇ በራሱ ጊዜ፣ ወስዶ አይዞሽ ላይ አለበሰው።

ለምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ? ልጅ እያላችሁ እናንተ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ ምን ነበር? ራዲዮኑ ላይ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ፍሪጁ ላይ፣ ስልኩ ላይ? ያገራችን ሰው የከበረ ዕቃ ካየ ዳንቴል ያለብሰዋል፣ ሌላ የሚያረገው አያውቅም። ተንኮል አላሰበችም። ያደገችበትን ነው ያረገችው። የፊተኛው ጠርዝ ዝቅ ብሎ ዓይኗ ላይ ወረደ፣ ግማሽ ጨረቃዎቹ ጥቁሩ መስታወት ፊት ተደረደሩ።

ሳጥኗ ጸጥ አለች። እትዬ ሃሴት ይኼኔ ነው ምን እንዳረገች የገባት። አለቀልኝ፣ ብላ አሰበች። ካለቀ አይቀር ብላ ደግሞ ምላሷን አወጣችባት።

«እንዴት ያለ ፈገግታ ነው፣ ሃሴቴ!» አለች አይዞሽ። «እንዲህ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም!»

በሩ ጠቅ አለ። አረንጓዴ!

እትዬ ሃሴት ጠርዙን በሁለት ጣቷ አነሳችው።

«ሃሴቴ? ምን ሆንሽብኝ?»

ለቀቀችው።

«እሰይ! ሳቅሽ ተመለሰ!»

አነሳችው፣ «ውይ»። ለቀቀችው፣ «እሰይ»። ማሽኗ ግማሽ ጨረቃዎቹን አፍ ብላ ነው የምታነባቸው፣ ረድፍ ሙሉ የሚስቅ አፍ። እትዬ ሃሴት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ፣ ድምፅ አልባ ሆና እስክትንዘፈዘፍ። የዓመታት ሳቅ ነው። አይዞሽ ደግሞ እሱን አላየችውም፣ ተሸፍናለቻ!

ከዛ በኋላ የነበረው ኑሮ ገነት ነበር። ውሃው ይፈላል። «ልጨርስልሽ» የሚል የለም። እትዬ ሃሴት ስታኮርፍ ትውላለች፣ ስትፈታ ስትሠራ፣ አዲስ አበባ፣ አዲስ ቅጠል፣ ወንበሩ ዳንቴል ለበሰ፣ ማሰሮው ለበሰ። አስተባባሪዎቹ የወሩ ታዳሽ ብለው ኬክ ላኩላት። ለርግቦች በተነችው።

ብሌን ግን አላረፈችም። ቅናት እንቅልፍ ነሳት። አንድ ከሰዓት ገብታ ሁሉንም አየች፣ ሳጥኗንም ጨርቁንም፣ ከዛ የሚገርመው፣ ስለ ሳጥኗ አልጠየቀችም። ወንበሩ ላይ ያለውን ዳንቴል አንስታ ጣቷን በቀዳዳው አሾለከችና «ይኼ ቅጠል እንዴት ነው የተዞረው?» አለች።

«አትችይውም።»

«አሳዪኝ አልኩሽ።»

አሳየቻት። በክፋት ነው ያሳየቻት፣ ስትበላሽባት ልታይ። ብሌን ኪሮሽ ስትይዝ እንደ ማንኪያ ነው የያዘችው፣ ክሩ ጣቷ ላይ ተተበተበ፣ ተሳደበች! ያቺ ሁልጊዜ የምትስቀው ብሌን «ይበጠስ! ይቃጠል!» አለች። ግን አልተወችውም። ክር ይዛ ቤቷ ሄደች፣ ከሽቦ ኪሮሽ ቆለመመች፣ አሮጌ ሹራቧን ተረተረች፣ የራሷ አይዞሽ ፊት ቁጭ ብላ ግንባሯን ቋጥራ ሰንሰለት ስትሠራ ሰነበተች። ጀልባዎቹን ረሳቻቸው። ሳጥኗን አልሸፈነቻትም፣ የሚሸፍን ዳንቴል ገና አልሠራችም። አረንጓዴዋ ብሌን በአንድ ሳምንት ቀይ ሆነች።

ጋሼ ናታን ሐሙስ መጣ። መጀመሪያ ብሌን በር ላይ የሰኞውን መኪና ማስታወቂያ ለጠፈ፣ ከዛ ተሻገረና ለእትዬ ሃሴት እንኳን ደስ ያለዎት ሊል ገባ። ሲገባ መደርደሪያውን አየ። ሄዶ ጠርዙን ብድግ አረገው።

«ሃሴቴ? ምን ሆንሽ?» አለች አይዞሽ።

ለቀቀው። «እሰይ!»

ጋሼ ናታን መላጣውን አሻሸ። እትዬ ሃሴት ሻንጣዋ የት እንዳለ ማሰብ ጀምራለች። እሱ ግን በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አረገ።

«ለእኔም አንድ ይሥሩልኝ።»

«ምን?»

«እኔም ሃምሳ አልፎኛል'ኮ፣ እትዬ ሃሴት። የደረሰኝ ግጥም ነው። አይዞህ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ፣ ከዛ ሳቅ ይለኛል። አልስቅ አለኝ። አንጀቴ አልቋል። ሰኞ ጠዋት ከመኪናው በፊት እኛን ነው የሚመዝኑን። አስተባባሪ ቀይ ከሆነ እሱ ራሱ ነው የሚሳፈረው፣ ያዘዘው ሁሉ ደግሞ ይሰረዛል። አንድ ይሥሩልኝ፣ እኔ እዚህ ቤት ምንም አላየሁም።»

«እሺ። ብሌንን ተዋታ።»

«አይሆንም።»

«አንተ ልጅ፣ አንድ ጨርቅ ላንተ ከሠራሁ ለእሷም እሠራለሁ፣ ምን ይቸግርሃል?»

«ብሎኩ ውስጥ ሁሉ አረንጓዴ ከሆነ ይጠረጥራሉ። አንድ ሰው መሄድ አለበት። እርስዎ ነዎት ወይስ እሷ?»

እንዲህ ነው ያላት፣ በዛው ለስላሳ ድምፅ፣ አንገቱን ዘንበል አርጎ። እትዬ ሃሴት አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ ብዙ ሰው ንቃለች፣ እንዲህ አርጋ የናቀችው ግን አልነበረም። ብሌንንም ቢሆን አትወዳትም፣ እውነቱን እንነጋገር። ግን ብሌን ስትሳደብ ሰምታታለች። ክር ስትበጥስና መልሳ ስትቋጥር አይታታለች።

«እሁድ ከሰዓት ና» አለችው።

ሠራች። እጇ አሁን ፈቷል፣ አንድም ዙር አልሳተችም። መሀሉ ላይ አበባዋ ሙሉ ቅጠል ናት። በሕይወቷ የሠራችው ምርጡ ዳንቴል ይኼ ሆነ፣ ለማን ብትሉኝ፣ ለናታን! ጠርዙ ሲቀራት ኪሮሿን አቆመች። የራሷን አይዞሽ ጨርቅ አየችው። ከዛ ግማሽ ጨረቃዎቹን ለናታን ገለበጠቻቸው። ሆዳቸው ወደ ላይ፣ ጫፋቸው ወደ ታች፣ ከሥራቸው አንድ ቀጥ ያለ ዙር አስራ ዘጋችው። ረድፍ ሙሉ የሚያለቅስ አፍ። ለማያውቅ ዓይን ያምራል፣ እንዲያውም ከፊተኛው ይበልጥ ያምራል።

እሁድ መጣ። ጥቅልሉን ከፈተው። በአውራ ጣቱ አበባዋን ዳሰሳት።

«እናቴ እንዲህ ትሠራ ነበር» አለ። ድምፁ ያ ለስላሳው አልነበረም፣ ሻክሯል። «ቴሌቪዥናችን ላይ። ሳነሳው ትቆጣኝ ነበር።» ጎንበስ ብሎ ትከሻዋን ሳማት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ።»

ወጣ። ኮሪደሩን እየተራመደ ጥቅልሉን ደረቱ ላይ አቅፎታል፣ እንደ ዳቦ። ከብሌን ቤት «ይበጠስ!» የሚል ይሰማል። እትዬ ሃሴት በሯ ላይ ቆማለች። አሳንሰሩ መጣ፣ ተከፈተ፣ ገባ፣ ዞሮ ፈገግ አለላት። የእውነት ፈገግታ ነው፣ ያ ሁሉ ማሽን ሲለምነው የኖረው። በሩ ሊዘጋ ነው። አፏን ከፈተች።

በናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ትጠሩት ነበር?